በርቀት ትምህርት ለምትመዘገቡ የክለባችን አትሌቶች

እንደምን ሰነበታችሁ? ዘንድሮ በርቀት ለመማር ያሰባችሁ በርከት ስላላችሁ ይህችን ጻፍኩ።

መጀመሪያ ፈቃዱን አጣሩ። የተቋሙ ስም መታወቁ ብቻ አይበቃም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ ለብቻው ነው፤ የመደበኛው ፈቃድ ለርቀቱ አያገለግልም። ማስታወቂያ አይታችሁ ብቻ ብር እንዳትከፍሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለመጀመሪያ ዲግሪ የመውጫ ፈተና አለ። በዋዜማው ሸምድዶ ማለፍ የሚባል ነገር እርሱት።

ወደ ጊዜው ስንመጣ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ እንጦጦ የወጣ ሰው ከምሳ በኋላ ሞጁል ቢገልጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። አትታገሉት፣ ተኙ። ከ10 ሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ከልብ ካነበባችሁ ከበቂ በላይ ነው። ክፍለ ሀገር ለውድድር ስትሄዱ ጥራዙን አትሸከሙ። የምታነቡትን ምዕራፍ በስልክ ፎቶ አንሱት። የአውቶቡሱ መንገድ እንደሆነ አያልቅም (ፊልሙ ይቆየን!)።

ዋናው ራስ ምታት ፈተናው ነው። አሳይመንት ከየትም ይላካል። ፈተና ግን አብዛኛውን ጊዜ በአካል ነው፤ ያውም ቅዳሜና እሁድ፣ ልክ ውድድራችን በሚውልበት ቀን። ስለዚህ ፕሮግራሙ እንደወጣ ለአሰልጣኝ አሳዩት። አንድ ቀን ሲቀረው መጥቶ "ፈተና አለብኝ" ማለት ለማንም አይበጅም። ለተቋሙ የሚሰጥ ደብዳቤ የምትፈልጉ ንገሩኝ፣ ከጽሕፈት ቤት አጽፋለሁ።

ሐሙስ ከልምምድ በኋላ ስታዲየም ጋ ያለችው ቡና ቤታችን እንገናኝ። ያለፈ ዓመት ሞጁል ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።