ውሃ የበላው መጽሐፋችን፦ አንዴ ደግሞ እጃችሁን ዘርጉልን

ውድ የዕድራችን አባላት፣ እንደምን ከረማችሁ? እንደገና እኛው ነን። እንደሰለቸናችሁ እናውቃለን። መለመኑ እኛንም ሰልችቶናል።

ወሬውን ሰምታችኋል። ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ለሚዘጋጁ ወላጆቻችን በአማርኛ ያሳተምነው መጽሐፍ፣ 500 ቅጂ፣ ቤዝመንት ውስጥ ውሃ ገባበት። የተረፈው 60 ነው። "ለምን እዚያ አስቀመጣችሁ?" ለምትሉን፣ ቦታው በነጻ ስለነበር ነው። አምና ካዋጣችሁት 3,400 ዶላር 2,150ው ለማተሚያ፣ 900ው ወላጆቻችንን ለጉብኝት ለወሰደው አውቶቡስ ወጣ። 350 በእጃችን አለ። ደረሰኙን ገንዘብ ያዡ ጋ መጥቶ ማየት ይቻላል። ለምሳ አንድ ሳንቲም አላወጣንም፤ እናቶች ከቤት ነው ያመጡት።

"የፈረንጅ መቃብር ምን ያደርግልናል?" ያላችሁም አላችሁ። በአውቶቡስ የሄድነው ዋሽንግተን፣ ኮንግረሺናል መካነ መቃብር ነው። የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት ሰዎች ዋሽንግተን ውስጥ የተቀበረው ኤልብሪጅ ጌሪ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 ግን ሕገ መንግሥቱን አልፈርምም አለ፤ የመብት ዝርዝር የለበትም ብሎ። ፈተናው ላይ የሚጠየቁት የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያዎቹ አሥር ማሻሻያዎች፣ በ1791 የጸደቁት፣ የዚያ ክርክር ፍሬ ናቸው። አንዲት እናታችን ይህን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ሲያጠኑት ሲረሱት ነበር። ሐውልቱ ሥር ቆመው ከሰሙ ወዲህ አልረሱትም።

ጌሪ ጻድቅ ነበር አላልንም። የማሳቹሴትስ ገዢ ሳለ፣ በ1812፣ የምርጫ ክልል ለፓርቲው እንዲያደላ የሸነሸነ ሕግ ፈርሟል። "ጄሪማንደር" የሚባለው ቃል ከስሙ የወጣ ነው።

ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1814 ወደ ሴኔት ሲሄድ መንገድ ላይ ታሞ ሞተ። 70 ዓመቱ ነበር። ዕዳ እንጂ ጥሪት አልተወም። ቀብሩን ኮንግረስ ቻለ። የቀረው ደሞዝ ለሚስቱ ይሰጥ ሲባል ግን የተወካዮች ምክር ቤት እምቢ አለ። አንድ አባታችን ይህን ሲሰሙ "ዕድር አልነበረውማ!" አሉ። ሐውልቱ ላይ፣ ሰው የቀረችው አንዲት ቀን ብትሆንም ያቺን ቀን ለአገሩ መልካም ማዋል ግዴታው ነው ተብሎ ተቀርጿል።

ያ መካነ መቃብር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አረም ውጦት ነበር። መልሰው ካቀኑት መካከል ውሻቸውን እዚያ ለማንሸራሸር የሚከፍሉ ጎረቤቶች አሉበት። ሰው ለውሻው ከከፈለ፣ እኛ ለእናት ለአባታችን እንዴት እናንሳለን? ወላጅን ማክበር በክርስትናም በእስልምናም የታዘዝነው ነው። የሃምሳ ሎሚውን ተረት አልደግመውም።

መጽሐፉን እንደገና ለማሳተም የጎደለን 1,800 ዶላር ነው። 90 አባላት ነን፤ 20፣ 20 ዶላር ብንል ይሞላል። በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ላኩ። ቁጥሩ የወር መዋጮ የምትልኩበት ያው ነው፤ አልተቀየረም። ማስታወሻው ላይ "መጽሐፍ" ብላችሁ ጻፉ። አምና ይህን ሳይጽፉ የላኩ ሰዎች ገንዘብ ከወር መዋጮ ጋር ተቀላቅሎ ሦስት ስብሰባ ፈጅቶብናል። ጥሬ ገንዘብ ለገንዘብ ያዡ ብቻ ስጡ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ።

አዲሱ መጽሐፍ የሚቀመጠው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዜል፣ በያው ቁጥር፣ "መጽሐፍ" የሚለው እንዳይረሳ።

ኮሚቴው