የሐሙስና የዓርብ ሙሉ ልምምድ

ውድ የሙዚቃና ድራማ ክበብ አባላት፣

ሐሙስና ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ሙዚቃዊ ድራማችንን በሙሉ ልብስና መብራት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሠራለን። መሀል ላይ አናቆምም። ቃል የጠፋበት ካለ አጠገቡ ያለው ይያዝለት፤ ቅዳሜ ወላጆች ፊትም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ትዕይንት መሸጋገሪያው ነው። ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ስንሻገር ክራሩን እንደገና መቃኘት ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ሁለት ክራር ይዘጋጅ፤ አንዱ በትዝታ፣ ሌላው በባቲ ተቃኝቶ ይጠብቅ። የሐበሻ ቀሚስ የምትቀይሩ ልጆች ደግሞ ከውስጥ ቀድማችሁ ልበሱት፤ ከመጋረጃ ጀርባ ነጠላ መደረብ ብቻ ይቅራችሁ። የሰኔ እርጥበት የከበሮ ቆዳ ያላላል፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል አውጡት። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲመታ ማይክ ብቻውን አያድንም፤ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ዝፈኑ። ባለፈው ልምምድ የመዝጊያውን ዘፈን እንደዚያ ስትሉት ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ልብሳችሁን ስም ጽፋችሁበት በፌስታል አምጡ። ምሳ ሳትበሉ እንዳትመጡ። የትንንሾቹ ወላጆች 12 ሰዓት ላይ በር ላይ ይጠብቁ።

የክበቡ ኃላፊ መምህራችሁ