ደረሰኝ የሌለው ቡና

የተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የባርነትን ቅሪት ለማጥናት ስለመደቡት ገንዘብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያነበብኩት ቡና ቤት ተቀምጬ ነው። ከጎኔ ሆኖ ጋዜጣዬን አሻግሮ ያነብ የነበረ ሰው፣ «እነሱ ሸጡ፣ እነሱ ይክፈሉ፤ እኛን ምን አገባን?» አለኝ። ክፍለ ጊዜ ደርሶብኝ ስለነበር ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ለእርሱ ያልሰጠሁትን መልስ ለእናንተ ልጻፈው።

የምኖረውም ታሪክ የማስተምረውም ጅማ ነው። እዚህ የባጃጅ ሾፌሮች ቀኑን ሙሉ «ሄርማታ! ሄርማታ!» እያሉ ይጣራሉ። ሄርማታ ዛሬ ሰው ጨርቅና ሸቀጥ ሊገዛ የሚሄድበት ሰፈር ነው፤ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ግን ከቡናው፣ ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰውም ይሸጥበት ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥሎ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ አንዱ እጁን አውጥቶ ዋጋው ስንት እንደነበር ይጠይቀኛል።

በ2004 ዓ.ም. የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን የሠራሁት ነፃ የወጡት ሰዎች ከዚያ በኋላ የት ገቡ በሚል ርዕስ ነበር። አዋጁ ይታወቃል። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1916 ዓ.ም. ባሮችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ ደንብ ወጣ፤ ጣሊያን ከተባረረ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በአዋጅ ተሻረ። ነፃ ተብሎ የተሰናበተው ሰው በማግስቱ ማን መሬት ላይ አደረ? ልጁን ማን አገባለት? ይህን ነጋሪት ጋዜጣ አይነግረንም፤ የሚገኘው ከሽማግሌዎች አፍ ነው።

ስሙን የማልጠቅሰው ዩኒቨርሲቲ ለመስክ ሥራዬ 6,000 ብር ፈቀደልኝ። ርዕሱን የመረመረው ኮሚቴ አስቀድሞ ሁለት ነገር ጠይቆኝ ነበር፤ ጥናቱ ለልማት ምን ይጠቅማል? የዳነ ቁስል መነካካቱስ ለምን አስፈለገ? መቅረጫ ስላልነበራቸው ከማስተምርበት ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ቴፕ ተውሼ ሄድኩ።

ከከተማው ራቅ ባለ መንደር ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ እናት አገኘሁ። ቡና አፈሉልኝ። ስለ እናታቸው ልጠይቅ አፌን ስከፍት የልጅ ልጃቸውን «ሂጂ፣ ከጎረቤት ፍም ይዘሽ ነይ» ብለው አስወጧት። ጀበናው ሥር ያለው ከሰል እኮ ቀልቶ ነበር። ልጅቷ ከራቀች በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። እናታቸው ከማጂ በኩል፣ ገና የወተት ጥርሷን ሳትነቅል፣ በባሪያ ፈንጋይ ተይዛ የመጣች ናት። «እዚህ የተጠራችበትን ስም ያወጣላት ጌታዋ ነው። የፊተኛውን አንድ ቀን ወንዝ ልብስ ስናጥብ ነግራኝ ነበር። ቆይ፣ ይመጣልኛል» አሉ። አቦል ጠጣን፣ ቶና ጠጣን፣ በረካም ደረሰ። ስሙ አልመጣላቸውም። ሌላ ቀን እንድመለስ፣ እስከዚያ እንደሚያስቡበት ነግረውኝ ተለያየን።

ለመመለስ የቀረውን ገንዘብ ስጠይቅ የሒሳብ ክፍሉ የወሰድኩትን በደረሰኝ እንዳወራርድ አዘዘኝ። የአውቶቡሱን ቲኬት ይዣለሁ። የበቅሎው፣ የመንገድ መሪው፣ ለእኒያ እናት የገዛሁት ቡናና ስኳር ግን ደረሰኝ የለውም። ባለበቅሎው በጣቱ አሻራ የፈረመልኝን ወረቀት ባቀርብ ሠራተኛው እያገላበጠ አየውና «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሳቀ። ጉዳዩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከጥፋቱ ነፃ አይደለሁም፤ ከደመወዜ ቀንሼ ቀደም ብዬ መሄድ እችል ነበር፤ እልህ ያዘኝ። በመጨረሻ በራሴ ወጪ ስሄድ ሴትዮዋ ከሞቱ አምስት ወር ሆኗቸዋል። የልጅ ልጃቸውን ስሙን ነግረዋት እንደሆነ ጠየቅኳት። «የማንን ስም?» አለችኝ።

አሁን ሌላ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ባሮች የጫኑ ጀልባዎችን ያዘች። ከተያዙት ብዙዎቹ ከኦሮሞ አገር የተወሰዱ ልጆች ነበሩ። የመን ባለችው የኤደን ወደብ አካባቢ ከቆዩ በኋላ 64ቱ እ.ኤ.አ. በ1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ሎቭዴል ወደሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላኩ። እዚያ ልጆቹን አንድ በአንድ አስቀምጠው ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ አገራቸውን፣ ማን ለማን እንደሸጣቸው ጠይቀው ጻፉ። ወረቀቱ በቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ቆይቶ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናት ተሠራበት።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር በአፓርታይድ ዘመን ሮበን ደሴት ላይ 10 ዓመት የታሰረው፣ በኋላም ስለ አፍሪካ ቋንቋዎች ሲሟገት የኖረው ምሁር ነው። አያቱ አርጅታ በማያውቁት ቋንቋ ለብቻዋ ስታወራ የቤቱ ልጆች ግራ ይገባቸው ነበር፤ እናቱም ከእግዚአብሔር ጋር ነው የምታወራው ትላቸው ነበር። ኦሮምኛ ነበር። ቢሾን ከነአባቷ ስም የምናውቃት አንድ ሰው በጊዜው ስለጻፋት ነው። የማጂዋን ልጅ ግን ለመጻፍ እኔ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ አጠገቧ ደርሼ ነበር።

የውጭዎቹን ሁሉ ላመሰግን አልተነሳሁም። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ከባርነት ከተገኘ ሀብት ምን ያህል ስጦታ እንደደረሰው መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ አደረገ፤ በዓመቱም ከካሪቢያን ደሴቶቹ የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ጋር 20 ሚሊዮን ፓውንድ በ20 ዓመት ውስጥ ለማውጣት ተፈራረመ። ይህ ደግ ነው። ሃርቫርድም ከባርነት ጋር ስለነበረው ትስስር እ.ኤ.አ. በ2022 መቶ ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ግን ከባሮቹ የተወለዱትን ሰዎች የዘር ሐረግ ሲያፈላልጉ የነበሩትን የራሱን ሠራተኞች አሰናብቶ ሥራውን ለሌላ ድርጅት አስተላለፈ። ገንዘብ መመደብና ሥራውን ዳር ማድረስ ለየቅል ናቸው።

የቡና ቤቱ ሰው «የእኛ ባርነት የእነሱ ዓይነት አልነበረም፤ ባሪያ እንደ ቤተሰብ ነበር» ሊለኝም ይችላል፤ ብዙ ሰው ይለኛል። እንደ ቤተሰብ ከነበረ ልጅቷ የማያስፈልግ ፍም ፍለጋ ለምን ተላከች? ሽማግሌ ሲላክ ዛሬም «አጥንቱን አጣሩ» የሚባለው ለምንድን ነው? በብራና የክታብ ጥቅልሎቻችን ላይ ሰውን የሚጥለው ጋኔን ስሙ «ባርያ» የሆነው ከየት መጥቶ ነው? አንድ የሥነ ልሳን ተማሪ ይህን ብቻ ይዞ ዓመት ቢሠራበት የሚያልቅለት አይመስለኝም።

ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። መቶ ሚሊዮን አልጠይቃቸውም። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተለየ ትንሽ በጀት፣ ደህና መቅረጫ፣ ማጂኛውንም ካፍኛውንም የሚያውቅ አስተርጓሚ፣ የተቀረጸው የሚቀመጥበት እርጥበት የማይገባው ክፍል ይበቃል። የባለበቅሎው የጣት አሻራም በደረሰኝ ፋንታ ይቆጠርልን። እናቴ ከባርነት ነፃ ስትወጣ አስታውሳለሁ የሚል ሰው ዛሬ ዘጠና ዓመት አልፎታል፤ የበጀት ዓመቱ እስኪዘጋ አይጠብቀንም።

እኔ ዘንድ 11 ካሴቶች አሉ፤ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። የሚረከብ ተቋም ካለ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ያግኘኝ። ሰባተኛው ካሴት ሁለተኛው ገጽ ላይ የሲኒ መንኳኳት ይሰማል፤ ከዚያ «ቆይ፣ ይመጣልኛል» የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ይሰማል።

የታሪክ መምህር፣ ከጅማ