የትርፍ ሰዓት ሥራን በተመለከተ ለማኅበራችን አባላት

ውድ የኮምቦልቻ እህትና ወንድሞቻችን፣

ሰሞኑን «የደንበኛ ትዕዛዝ ደርሷል፣ ማንም ከምርት መስመሩ እንዳይወጣ» እየተባለ ከሥራ ሰዓት በኋላ ስለምትቆዩ ሰርቪስ የሚያመልጣችሁ ብዙዎች ናችሁ። በተለይ ሴቶቹ በጨለማ በእግር መሄዳቸው በጣም ያሳስበናል።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። አሠሪው ትርፍ ሰዓት ማዘዝ የሚችለው አደጋ ሲደርስ ወይም ሲያሰጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም በማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረ ሠራተኛ ሲተካ ነው። ያም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ወር ሙሉ በየማታው የሚታዘዝ ሥራ «አስቸኳይ» ነው ቢባል እኛ አንቀበልም። ነፍሰ ጡር እህታችን ደግሞ ከናካቴው ትርፍ ሰዓት አትታዘዝም፤ አብሽሪ፣ ሕጉ ካንቺ ጋር ነው።

የአንድ ትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲህ ነው፦ የሰዓት ደመወዛችሁ 20 ብር ከሆነ፣ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ 30 ብር፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 35 ብር፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 40 ብር፣ በሕዝብ በዓል፣ አረፋም ይሁን ጥምቀት፣ 50 ብር ይታሰባል።

የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየዕለቱ በራሳችሁ ደብተር ጻፉ፤ ሱፐርቫይዘሩ በእርሳስ የሚሞላውን ብቻ አትመኑ። ያልተከፈለ ካለ ቶሎ አሳውቁን፤ ጥያቄው በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (የመጠየቂያ ጊዜው አልፏል ተብሎ) ይታገዳል። ደብተሩንና የደመወዝ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ኑ፣ አብረን እናሰላዋለን።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ