ለዋይፖ ዋና ዳይሬክተር ግልጽ ደብዳቤ፦ መሠረተ ቢስ ዛቻም ተጠያቂነት ይኑረው

ለተከበሩ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት (ዋይፖ) ዋና ዳይሬክተር፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ፍርድ ቤት ስለማይደርሱ የንግድ ምልክት ክርክሮች ነው። አካሄዳቸው አንድ ዓይነት ነው። አንድ ትንሽ ድርጅት ስም ያወጣል፤ ማመልከቻ ያስገባል። ብዙም ሳይቆይ ከትልቅ ኩባንያ ጠበቆች ደብዳቤ ይደርሰዋል። ስምዎ ከደንበኛችን ምልክት ጋር ይመሳሰላል፤ በአስቸኳይ ይተዉት፤ አለዚያ እንከስዎታለን ይላል። ባለቤቱ ጠበቃ ያማክራል። ጠበቃውም ብንከራከር ማሸነፍ እንችላለን ይለዋል። ባለቤቱ ግን ወጪውን ሲሰማ ስሙን ይቀይራል። ነገሩን ዳኛ አላየውም፤ መዝጋቢም አልመረመረውም። ማን ትክክል እንደነበር ሳይታወቅ ያልቃል።

የንግድ ምልክት ጥበቃን እየተቃወምኩ አይደለም። በሽተኛ የሚውጠውን መድኃኒት ማን እንደሠራው የሚለየው በምልክቱ ነው። አስመሳይ ምልክት ሰው ይገድላል፤ በዚህ ላይ ሕጉ ጠበቅ ቢል ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሕጉ የወጣው ገዢ እንዳይደናገር ነው። ጉልበት ያለው ሰው ቃላትን ከገበያ እንዲሰበስብ አይደለም።

ለእኔ የችግሩ ሥር ከልክ በላይ የሰፋ ምዝገባ ነው። ለምልክት ምዝገባ የሚያገለግለው ዓለም አቀፍ የኒስ ምደባ ዕቃዎችንና አገልግሎቶችን በ45 ምድቦች ይከፍላል። አቅም ያለው አመልካች ሊሸጠው ባላሰበው ዕቃ ላይ ሁሉ ስሙን ያስመዘግባል። ኋላ ያ የምስክር ወረቀት ለማስፈራሪያ ይውላል። የስካይ እና የስካይኪክ ክርክር ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ስካይ የቴሌቪዥንና የኢንተርኔት ኩባንያ ነው። ስካይኪክ ደግሞ ኢሜይልን ወደ ክላውድ የሚያሻግር ሶፍትዌር ይሠራል። የስካይ ምዝገባ ሲመረመር አለንጋ ሳይቀር ተዘርዝሮ ተገኘ። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 እንዲህ ያለ ምዝገባ ከቅን ልቦና ውጭ የተደረገ ሊባል እንደሚችል ወሰነ። ስካይኪክ በሁሉም ነጥብ አላሸነፈም። ሁለቱ ወገኖችም ከፍርዱ በፊት ታርቀው ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ጉዳዩ የሌላውም ሰው ጉዳይ ነው ብሎ ፍርዱን ሰጠ። ለዚህ ትልቅ ክብር አለኝ።

ምልክቱን ላልተጠቀሙበት ዕቃ ይዞ መቆየትን በተመለከተም፣ በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ጠቅላላ ፍርድ ቤት ማክዶናልድስ «ቢግ ማክ» የሚለውን ምልክት ለዶሮ ሳንድዊች በእውነት እንደተጠቀመበት አላስረዳም ብሏል። ያንን ክርክር ያነሳው ሱፐርማክስ የተባለ የአየርላንድ ድርጅት ነው።

እነዚህ ፍርዶች ጥሩ ናቸው። ሆኖም የሱፐርማክስ ጥያቄ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር። የስካይ ክስ የተጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016። ይህን ሁሉ ዓመት ጠበቃ እየከፈለ የሚዘልቅ ትንሽ ድርጅት ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ጥበቃው ከክሱ በፊት፣ ደብዳቤው በደረሰ ሰዓት መጀመር አለበት። መንገዱ አዲስ አይደለም። በአውስትራሊያ ሕግ መሠረተ ቢስ የክስ ዛቻ የደረሰበት ሰው ራሱ ከሳሽ መሆን ይችላል። ፍርድ ቤቱ ዛቻው እንዲቆም ያዛል፤ ካሳም ያስከፍላል። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2017 ያሻሻለችው ተመሳሳይ ሕግ አላት። የእሷ ግን ክፍተት አለው። ከለላው በዋናነት ለቸርቻሪውና ለደንበኛው ነው፤ ምልክቱን ራሱ በዕቃው ላይ ለሚያሳርፈው ሰው አይደርስም። ደብዳቤው በብዛት የሚላከው ደግሞ ለዚሁ ሰው ነው። እንዲቀዳ የምፈልገው የአውስትራሊያው ነው።

የድርጅትዎን ቤትም ማንሳት አለብኝ። በዋይፖ የግልግል ማዕከል የዶሜይን ስም (የድረ ገጽ አድራሻ) ክርክር ሲታይ፣ ከሳሹ የሌላውን ስም ለመንጠቅ ሥርዓቱን አላግባብ እንደተጠቀመበት ዳኞቹ የሚገልጹበት ጊዜ አለ። ይገልጹታል፤ በዚያው ያበቃል። ከሳሹ ገንዘብ አይቀጣም፤ የተጎዳውንም አይክስም። አንድ ዶሜይን በአንድ ዳኛ እንዲታይ ከሳሹ የሚከፍለው 1,500 ዶላር ነው። ለትልቅ ኩባንያ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ደንቡ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው ድርጅት፣ የአይካን፣ እንደሆነ አውቃለሁ። ሐሳቡን ያመነጨው ግን ዋይፖ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ጥናት ነው። እንዲሻሻል ለመጠየቅ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት የተሻለ ቦታ ያለው የለም።

በዚያው ዓመት የፓሪስ ኅብረት (የኢንዱስትሪ ንብረት ጥበቃ ስምምነት አባል አገሮች ስብስብ) እና የዋይፖ ጉባኤዎች ታዋቂ የንግድ ምልክቶችን ስለመጠበቅ የጋራ ምክረ ሐሳብ አጽድቀዋል። አስገዳጅ ስምምነት አልነበረም። ታዋቂ ምልክት በምን ይለያል ለሚለው ግን ለአገሮች አንድ የጋራ መለኪያ ሰጠ። አሁን የምጠይቀው ለትንንሾቹም እንዲሁ እንዲደረግ ነው። በሚቀጥለው የንግድ ምልክት ቋሚ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ስለ መሠረተ ቢስ ዛቻና ከልክ በላይ ስለሰፋ ምዝገባ የጋራ ምክረ ሐሳብ የማዘጋጀት አጀንዳ ይያዝልን። አመልካች ብዙ ምድብ ሲጠይቅ በእያንዳንዱ ለመሥራት እውነተኛ ሐሳብ እንዳለው በፊርማው ያረጋግጥ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚልክም የትኛው ምዝገባ፣ በየትኛው ዕቃ ላይ፣ በምን እንደተነካበት ለይቶ ይጻፍ። ረቂቁ ሲዘጋጅም ስማቸውን በፍርሃት የቀየሩ ሰዎች ቃላቸውን የሚሰጡበት መንገድ ይከፈት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
ትንንሽ ድርጅቶችን የሚያግዝ አንድ የንግድ ምልክት አማካሪ