ከፕላስቲክ መያዣው ሳይወጣ «ትክክለኛ ነው» ስለተባለው የሆኪ ካርድ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ማርች 17 ቀን 2025

ለደንበኞች ቅሬታ ሰሚ ክፍል
ኤድመንተን፣ አልበርታ

ጉዳዩ፦ ሳይከናወን ስለቀረ የቅድመ ግሬዲንግ ምርመራ

ከላይ በርዕሱ እንደተመለከተው፣ ኦ-ፒ-ቺ የተባለው የካናዳ ካርድ አሳታሚ ለ1979-80 የውድድር ዘመን ያሳተመውን ቁጥር 18 የሆኪ ተጫዋቹን የዌይን ግሬትስኪን ካርድ ለግሬዲንግ (ትክክለኛነቱና ይዞታው ተመርምሮ ደረጃ እንዲሰጠው) ከመላኬ በፊት ትክክለኛነቱ እንዲጣራልኝ ጃንዋሪ 14 ቀን 75 የካናዳ ዶላር ከፍዬ ለድርጅታችሁ አስረክቤ ነበር። ካርዱን በ1,100 ዶላር የሸጠልኝ ሰው በ7 ቀን ውስጥ እንድመልስለት ፈቅዶልኝ ስለነበር፣ ገንዘቤን የማስመለስ ዕድሌ በእናንተ ውሳኔ ላይ መንጠልጠሉን ለተረከበኝ ሠራተኛ በግልጽ ነግሬዋለሁ። በአምስተኛው ቀን «ትክክለኛ ነው፣ መላክ ይቻላል» የሚል አንድ መስመር መልስ ደረሰኝና ካርዱን ላክሁት። ባለፈው ሳምንት ግሬዲንግ የሚሠራው ድርጅት ሐሰተኛ ነው ብሎ ያለ ምንም ደረጃ መልሶልኛል።

እኔ ሆኪን ያወቅሁት ለሥራ ወደ ኤድመንተን ከመጣሁ በኋላ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ዓይን ፈልጌ የከፈልሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። የዚህ ካርድ አንድ ቅጂ በ2021 በ3.75 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሽጧል፤ ስለዚህ ፎርጅድ ሠሪዎች ይህን ካርድ አጥብቀው እንደሚከተሉት በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

በስልክ ማብራሪያ ስጠይቅ የተሰጡኝ ምክንያቶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጀርባው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ መጻፉ ነው። ይህ የኦ-ፒ-ቺን እትም በአሜሪካ ከታተመው የቶፕስ ኩባንያ እትም ለመለየት ይረዳል እንጂ፣ ጀርባውንም አብሮ የሚገለብጥ አስመሳይን አያጋልጥም። ሁለተኛው በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አለማብራቱ ነው። ወረቀቱ ቢያበራ ኖሮ ለጥርጣሬ በቂ ምክንያት በሆነ ነበር፤ አለማብራቱ ግን የማያበራ ወረቀት መርጦ ለሚያትም ሰው ምንም እንቅፋት አይሆንም።

ካርዱ ሲመለስልኝ በ3 ዶላር ከገዛሁት የዚያው ዓመት ተራ ካርድ ጎን አስቀምጬ 10 እጥፍ በሚያጎላ ሉፕ (ትንሽ የእጅ ማጉያ መነጽር) ተመለከትሁት። ልዩነቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አላስፈለገኝም። በተራው ካርድ ጀርባ ያሉት ፊደላት ጠርዛቸው ጥርት ብሎ በድፍን ቀለም ታትመዋል፤ በእኔ ካርድ ላይ ግን ፊደላቱ ራሳቸው ከጥቃቅን ነጥቦች የተገነቡ ናቸው፤ ይህም የታተመ ካርድ ፎቶ ተነሥቶ እንደገና ሲታተም የሚመጣ ምልክት ነው። በፊት ለፊቱ ሥዕልም ላይ ነጥቦቹ በሥርዓት ከመደርደር ይልቅ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ደብዝዘዋል። አራቱም ጠርዞች ያለ አንዳች ሻካራነት ለስልሰዋል። የዚያ ዘመን የኦ-ፒ-ቺ ካርዶች በሽቦ ይቆረጡ ስለነበር ጠርዛቸው ብዙ ጊዜ ሻካራ ነው፤ ልስላሴው ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም፣ ቢያንስ ካርዱ ተከርክሞ ይሆን ወይስ ሐሰተኛ ነው ብሎ ለመጠየቅ ያስገድዳል።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ካርዱን ሳስረክብ የፕላስቲክ መያዣውን አፍ ቀኑን በጻፍሁበት ወረቀት አሽጌው ነበር፤ የመለሳችሁልኝም ማሸጊያው ሳይነካ ነው። በፕላስቲክ ውስጥ እንዳለ የካርድ ጠርዝ በጣት አይዳሰስም፣ ውፍረቱም ከሌላ ካርድ ጋር አይነጻጸርም። አስተያየታችሁ ዋስትና እንዳልሆነ በውላችሁ ላይ መጻፉን ተነግሮኛል፤ እኔም ዋስትና አልጠየቅሁም። የከፈልሁት ካርዱ ወጥቶ እንዲታይልኝ ነው፣ እሱም አልተደረገም።

ስለዚህ የምርመራውን 75 ዶላር፣ ለግሬዲንግና ለፖስታ ያወጣሁትን ወጪ፣ እንዲሁም የመመለሻው ጊዜ በእናንተ መልስ ምክንያት ስላለፈብኝ የካርዱን ዋጋ 1,100 ዶላር እንድትከፍሉኝ፣ ካርዱን ማን በምን መሣሪያ እንደመረመረውም በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሁለቱን ካርዶች ፎቶግራፍና ከእናንተ ሳይከፈት የተመለሰልኝን ማሸጊያ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ካርዱን ራሱን ለማየት ከፈለጋችሁ ተራውን ካርድና ሉፑን ይዤ በምትቀጥሩኝ ቀን እመጣለሁ፤ መልሳችሁን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የአገልግሎታችሁ ደንበኛ

ግልባጭ፦ ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ