ጉንደላን ከምንጣሮ የሚለይ ዓይን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የኅዋ ሳይንስ በጀት በተነሳ ቁጥር «ዳቦ ላልጠገበ ሕዝብ ሳተላይት ምን ያደርግለታል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። እዚህ ጅማም ቡና ስንጠጣ ብዙ ተከራክረንበታል። በጠያቂው አልፈርድም። ነገር ግን የቡና ገበሬ ልጅ ነኝ፤ የቤታችን ዳቦ የሚመጣው ከቡና ነው፣ ያ ቡና ደግሞ ዛሬ ከሰማይ በሚነሳ ምስል እየተዳኘ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት የተለቀመ ቡና ገበያቸው አይገባም። ትግበራው ቢራዘምም ዝግጅቱ እኛ ዘንድ ደርሷል። የየማሳው መገኛ ይመዘገባል፣ ከሳተላይት ምስል ጋርም ይመሳከራል።

በጅማ ዞን በጎማና በማና ወረዳዎች ቡና የሚበቅለው ከጥላ ዛፍ ሥር ነው። ከላይ ለሚያይ ዋንዛውና ሳሳው እንጂ ቡናው አይታይም፤ ማሳው ደን ይመስላል። አምና አባቴ ያረጀውን ቡና ጎነደሉ፤ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ጉቶውን አስቀርተው ቆረጡት ማለት ነው፣ ብርሃን እንዲገባም ከጥላ ዛፉ ቀነሱ። ከጉቶው ያቆጠቆጠው ቀንበጥ አሁን ከጉልበት አልፏል። በዚያ ሰሞን ከላይ ምስል ተነስቶ ከሆነ ግን የሚታየው የተመነጠረ ጫካ ነው። ቦታውን የማያውቅ ባለሙያ ይህን እንዴት ይለየዋል?

ማሳውን ሊመዘግብ የመጣው ልጅም ጭቃው በዝቶበት መንገድ ዳር ቆሞ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ሄደ። አባቴ «ልጄ፣ ማሳዬ እኮ ከወንዙ ማዶ ነው» ቢሉት «ችግር የለውም» አላቸው። ችግር አለው!

ላንድሳትና ሴንቲኔል የሚባሉት የአሜሪካና የአውሮፓ ሳተላይቶች ምስል በነፃ እያለ ለምን ገንዘብ እናወጣለን የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ምስሉ ነፃ ነው፤ ነፃ የሆነውም የሌላ አገር ግብር ከፋይ ስለከፈለበት ነው። ምስሉን የሚያነብ፣ ማሳ ድረስ ወርዶ የሚያመሳክር ሰው ግን በነፃ አይገኝም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 72 ኪሎ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ እንባ አቅርሬ ነው ያየሁት። ከ8 ሚሊዮን ዶላሩ 6 ሚሊዮኑን ቻይና እንደሸፈነች ተነግሮናል። በዓመቱ ሁለተኛዋ ተከተለች። ከጭብጨባው በኋላ ስለሚያስፈልገው ገንዘብ ግን በቅጡ አልተነጋገርንም።

አባቴ የተከሉት ቡና 74110 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ፍሬውን በዛፉ ላይ እያጠቆረ ሲጨርሰው፣ በመንግሥት ገንዘብ በሽታውን የሚቋቋም ቡና ተፈለገ። 74 የሚለው ቁጥር የተመረጠበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። ያኔ ወሎ ተርቦ ነበር። ምርምሩ ግን አልቆመም፤ ዘሩም እስከ ዛሬ ያበላናል።

ለኅዋ የሚመደበው በጀት ይጨመር እላለሁ፤ ከጭማሪው ግን ጅማ ዩኒቨርሲቲና መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ድርሻ ይኑራቸው። የጥላ ቡናን ከደን፣ ጉንደላን ከምንጣሮ የሚለይ፣ ቡና ገዢ ፊት ዘርግተን የምንከራከርበት የራሳችን ካርታ ይሠራልን። ለዚያ ሥራ የሚላከው ባለሙያም ወንዙን ይሻገር። መሻገሪያውን አባቴ ያሳዩታል።

የቡና ገበሬ ልጅ
ከጅማ